የድሮ መልክ፣ አዲስ ጌም፦ አንድ ባለ ፒክስል ኢንዲ ጌም ለምን ዓመታት ይፈጃል?

አንድ አዲስ ኢንዲ ጌም ሊወጣ ነው ተብሎ ትሬለሩ በተለቀቀ ቁጥር ሰው የሚለው ነገር ተመሳሳይ ነው። ግማሹ «ይሄ የድሮ ሱፐር ማሪዮ አይደል እንዴ? ምኑ ነው አዲሱ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ትሬለሩን ካየን ሦስት ዓመት ሆነን፣ እስካሁን የት ገባ?» ብሎ ይበሳጫል። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው፣ መልሳቸውም ተያያዥ ነው። በትልልቅ ካሬዎች የተሳለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጡ የሚዘሉበት ጌም ሲያዩት በአንድ ወር የሚያልቅ ይመስላል። አያልቅም። ብዙው ድካም ያለው ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ነው፣ ጣት ብቻ የሚያውቀው ቦታ። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላትፎርመር ምን ዓይነት ጌም ነው? ኢንዲስ ሲባል?

ፕላትፎርመር ዋናው ሥራችሁ መሮጥና መዝለል የሆነበት ጌም ነው። ገደል አለ፣ ትሻገሩታላችሁ። ከፍ ያለ ቦታ አለ፣ ትወጡታላችሁ። ጠላት ይመጣል፣ ወይ ትዘሉታላችሁ ወይ አናቱ ላይ ታርፋላችሁ። በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግ ይህን ጨዋታ ለዓለም አስተዋወቀ፣ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን መልክ አስያዘው።

ኢንዲ የሚባለው ከትልልቅ ኩባንያዎች በጀትና ትእዛዝ ውጪ የሚሠራ ጌም ነው። ሠሪው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ አምስት ሊሆኑም ይችላሉ። ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያልቅ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። በዚህ ነገር ሁሌ የሚነሳው ምሳሌ ኬቭ ስቶሪ ነው። ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ በትርፍ ጊዜው ብቻውን ሠራው። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ታሪኩም፣ ኮዱም የእሱ ነው። አምስት ዓመት ፈጀበት፣ ከዚያ በ2004 መጨረሻ ላይ በነጻ ለቀቀው። ዛሬ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጌም የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የእሱን ስም ሲያነሱ ትሰማላችሁ።

ድሮስ ለምን እንደዚህ ይሳል ነበር?

ምርጫ ስላልነበረ ነው።

ፒክስል ማለት ስክሪን ላይ ያለች ትንሿ ነጥብ ናት። ስልካችሁ ላይ ሚሊዮኖች ስላሉ አንዷን ለይታችሁ አታዩዋትም። ኔንቲዶ በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም፣ አሜሪካ ሲገባ ኤንኢኤስ የተባለው ኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን)፣ የሚያሳየው 256 በ240 ነጥብ ብቻ ነበር። የሥራ ሚሞሪው 2 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ተራ ፎቶ ከዚያ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል።

የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ፣ ጀግናውም ጠላቱም ጥይቱም፣ 8 በ8 ወይም 8 በ16 ነጥብ ከሆኑ ቁርጥራጭ ሥዕሎች ይገጣጠማል። ለአንዱ ቁራጭ የሚፈቀደው ሦስት ቀለም ነው። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ ከ64 ቁራጭ በላይ አይቻልም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ሲሰለፉ ኮንሶሉ ዘጠነኛውን ጭራሽ አይስለውም። ፕሮግራመሮቹ ይህን ለማለፍ የሚጠፋውን ቁራጭ በየቅጽበቱ ያፈራርቁት ነበር። ጠላት ሲበዛ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ሲል አይታችሁ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብላችሁ ከሆነ፣ ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር። ማሽኑ አቅሙ እዚያ ድረስ ስለነበር ነው።

ሱፐር ማሪዮ ከነሙሉ ደረጃዎቹ፣ ከነሙዚቃው፣ ከነሥዕሉ 40 ኪሎባይት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አንድ ሥዕል አደረጓቸው። ቀለሙ ብቻ ተቀየረ፣ ነጭ ሲሆን ደመና፣ አረንጓዴ ሲሆን ቁጥቋጦ። የማሪዮ ጢምና ኮፍያም የመጣው ከዚሁ ችግር ነው። የኔንቲዶው ጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ በዶንኪ ኮንግ ጊዜ ሲስለው ነጥቦቹ በጣም ጥቂት ስለነበሩ አፍ መሳል አስቸገረው፣ ጢም ሲጨምርበት አፍንጫው ከፊቱ ተለየ። ፀጉሩ ሲዘል ሲወርድ ይንቀሳቀስ እንዳይባል ኮፍያ አጠለቀለት። ዛሬ በዓለም ላይ የማያውቀው ልጅ የሌለ ፊት እንዲህ ነው የተወለደው።

ዛሬ ግን ያ ችግር የለም። ታዲያ ለምን ይመለሳሉ?

ትዝታ አንዱ ምክንያት ነው፣ ግን ትዝታ ብቻውን ጌም አይሸጥም። ያን ኮንሶል በዓይናቸው ያላዩ የ15 ዓመት ልጆች እነዚህን ጌሞች ይወዷቸዋል።

ሌላው ምክንያት አቅም ነው። ሦስት ሰው ሆነው እውነተኛ የሚመስል ከተማ መሥራት አይችሉም፣ ውብ የሆነ የፒክስል ዓለም ግን ይችላሉ። ሌላው ደግሞ ግልጽነት ነው፣ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። በፕላትፎርመር ውስጥ በሰከንድ ክፍልፋይ መወሰን አለባችሁ። የቱ መሬት ነው? የቱ ይገድላል? እስከየት እደርሳለሁ? ጥቂት ቀለምና ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ሥዕል ይህን በአንድ እይታ ይነግራችኋል።

ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ የቀሚስ ጥለት ሲያወጣ ክር ቆጥሮ ነው። በብሩሽ እንደሚስል ሰው እንደፈለገ ማጠፍ አይችልም፣ መስቀሉም አበባውም ከተቆጠሩ ክሮች ይወጣል፣ ውበቱም ከዚያ ቁጥር ነው የሚመጣው። የፒክስል ሠዓሊም ሥራው ይሄው ነው። ነጥብ ይቆጥራል። በቂ ቦታ ቢኖረው የማያስጨንቀው ነገር ሁሉ ቦታ ስለሌለው ያስጨንቀዋል፣ ከጭንቀቱም የራሱ የሆነ መልክ ይወጣል።

ያለፈውን መምሰል ሲባል ግን እንዳለ መገልበጥ ማለት አይደለም። በ2014 የወጣው ሾቭል ናይት ጥሩ ማሳያ ነው። የሠራው ካሊፎርኒያ ያለ ያት ክለብ ጌምስ የሚባል ትንሽ ቡድን ነው። ጀግናው አካፋ የያዘ ባላባት ሲሆን ጌሙ ሲታይ ከ1980ዎቹ የመጣ ይመስላል። ቡድኑ የድሮውን ኮንሶል ሕግ አንድ በአንድ አጥንቶ የትኛውን እንደሚጠብቅና የትኛውን እንደሚጥስ መረጠ። ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ነገር ቀረ፣ ማንም አይናፍቀውም። ስክሪኑ በ256 ፈንታ 400 ነጥብ ስፋት ኖረው፣ ምክንያቱም የዛሬ ቲቪ ሰፊ ነው። የድሮው ኮንሶል ያልነበሩት ጥቂት ቀለሞችም ተጨመሩ። ሙዚቃው ግን በፋሚኮም ድምፅ አሠራር ተቀናበረ። ዋናው አቀናባሪ ጄክ ካውፍማን ነው፣ በ1987 የወጣውን የመጀመሪያውን የሜጋ ማን ጌም ሙዚቃ ያቀናበረችው ማናሚ ማትሱማኤም ሁለት ዜማ ሰጥታለች። ያደጉበትን ድምፅ ከራሷ ከምንጩ ማስመጣት ማለት ነው፣ ደስ የሚል ነገር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዛሬ «ሬትሮ» ብለን የምንወደው ጥርት ያለ ካሬ ድሮ እንደዚህ አይታይም ነበር። ያኔ የነበረው ከጀርባው የሚወፍር ቲቪ ነጥቦቹን እርስ በርስ ያደበዝዛቸው ነበር፣ የዚያ ዘመን ሠዓሊዎችም ማደብዘዙን አስበው ነው የሳሉት። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ፒክስል አርት ከድሮው የተወለደ ራሱን የቻለ አዲስ የሥዕል ዓይነት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ፒክስል መሳል ግን ይቀላል አይደል?

አንድ ሥዕል ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ማንም ሊሞክረው ይችላል። 16 በ16 ማለት 256 ነጥብ ነው። ችግሩ ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ይጀምራል።

ገጸ ባሕሪዋ ስትቆም ትተነፍሳለች፣ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ ግድግዳ ትይዛለች፣ ትሞታለች። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተከታታይ ሥዕሎች አሉት፣ እያንዳንዱ ሥዕል ነጥብ በነጥብ በእጅ ይሳላል። ዓይኗ ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሆነ አንዷ ነጥብ ዝቅ ስትል ፊቷ ያዘነ ይመስላል። አሁን ሥራው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ቡድኑ «ሻርፕ ብናደርግላትስ?» ቢል የሚሆነውን አስቡት። በሥሪ ዲ ጌም ሻርፑ አንዴ ይሠራና አካሉ ላይ ይታሰራል። እዚህ ግን እስካሁን የተሳለው ሥዕል ሁሉ እንደገና ይሳላል።

አንዳንዱ ቡድን ብልሃት ይፈልጋል። ተራራ በሚወጣበት ሴለስት በተባለው ጌም ውስጥ ያለችው ጀግና ማደሊን ፀጉሯ ከአካሏ ጋር አልተሳለም። ስትሮጥ ከኋላዋ እየተከተለ የሚወዛወዘው ኮዱ በየቅጽበቱ እያሰላው ነው። ፀጉሩ ሥራም አለው። ማደሊን አየር ላይ አንዴ ራሷን ወደፊት የመወርወር አቅም አላት። አቅሙ ካላት ፀጉሯ ቀይ ነው፣ ከተጠቀመችበት ሰማያዊ ይሆናል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ምልክት መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ዓይናችሁ ያለው እሷ ላይ ስለሆነ መልሱም እሷ ላይ ነው ያለው።

የስክሪን ልክም ጣጣ አለው። ሴለስት የተሳለው በ320 በ180 ነው። ለምን እንደዚያ? ተራ የዛሬ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፣ 320 በ6 ሲባዛ ልክ 1920 ይሆናል፣ 180ም በ6 ልክ 1080። እያንዳንዷ ነጥብ ስድስት በስድስት ሆና ሳትዛባ ትሰፋለች። እኩል የማይባዛ ልክ ከተመረጠና ካልተጠነቀቁበት አንዳንዱ ነጥብ ወፍራም አንዳንዱ ቀጭን ይሆናል፣ ጌሙ ሲንቀሳቀስም ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ትሬለር ስታዩ ይህን ፈልጉ። አንዱ ጠላት በትልልቅ ካሬ፣ ጀግናው በትንንሽ ካሬ ተስሎ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የጥድፊያ ምልክት ነው።

ዝላዩ ውስጥ ምን አለ?

የፕላትፎርመር ነፍስ እዚህ ነው ያለችው። ሥዕሉ ቢያምር፣ ሙዚቃው ቢጥም፣ ዝላዩ ካልተመቸ ጌሙ አለቀለት።

ሴለስትን ልቀጥልበት፣ ምክንያቱም ሠሪዎቹ የማደሊንን እንቅስቃሴ የሚመራውን ኮድ ማንም እንዲያየው ይፋ አድርገውታል። ጌሙ በጥር 2018 ነው የወጣው፣ ከባድ ነው፣ በአንድ ቁጭታ መቶ ጊዜ መሞት የተለመደ ነው። ያም ሆኖ የተጫወተው ሰው «ጌሙ በደለኝ» ሲል ብዙም አትሰሙም። ኮዱን ስታዩ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ወደ ገደል እየሮጣችሁ ነው። ጫፉ ላይ ስትደርሱ መዝለያውን ትጫናላችሁ፣ ግን እጃችሁ ትንሽ ዘገየ፣ ማደሊን መሬቱን ለቃለች። በደረቅ ሕግ ከሄድን አየር ላይ ያለ ሰው መዝለል አይችልም፣ ትወድቃለች። ሴለስት ግን መሬቱን ከለቀቀች በኋላ 0.1 ሰከንድ ይጠብቃችኋል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ ስድስት ሥዕል ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ከተጫናችሁ ትዘላለች። የጌም ሠሪዎች ይህን ኮዮቲ ታይም ይሉታል፣ በድሮው ካርቱን ገደሉን አልፎ አየር ላይ ሲሮጥ የሚታየውን ኮዮቲ (ቀበሮ መሰል እንስሳ) አስበው።

የተገላቢጦሹም አለ። እየወረዳችሁ ነው፣ መሬት ልትነኩ ጥቂት ሲቀር ቸኩላችሁ ተጫናችሁ። ጌሙ መጫናችሁን ለቅጽበት ያስታውስና እግሯ መሬት እንደነካ ያዘልላታል።

ወደ ላይ ስትዘል አናቷ የጣሪያ ጠርዝ ቢነካስ? እስከ 4 ነጥብ ድረስ ከሆነ ጌሙ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያሳልፋታል። ግድግዳውን ሳትነካ ሁለትና ሦስት ነጥብ ርቃ ብትሆንም ከግድግዳ መዝለል ይፈቀድላታል። የዝላዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቁልፉን እንደተጫናችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ስበቱ ለአፍታ በግማሽ ይቀንሳል። ያቺ አፍታ የት እንደምታርፉ ለማየትና ለማስተካከል ትበቃለች።

አንዱም ስክሪን ላይ አይጻፍም። አብዛኛው ሰው ጌሙን ጨርሶ እንኳ መኖራቸውን አያውቅም። የሚያውቀው «ይሄ ጌም ለእጄ ይታዘዛል» የሚል ስሜት ብቻ ነው። እነዚህ ነገሮች ባይኖሩ «ተጫንኩት እኮ!» ብላችሁ ኮንትሮለሩን ትወረውሩ ነበር፣ ከራሳችሁ አንጻር ደግሞ ልክ ናችሁ፣ ተጭናችኋል።

አሁን ወደ ጊዜው ጥያቄ እንመለስ። 0.1 ሰከንድ የሚለው ቁጥር መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ይሞከራል፣ ሰው ያጫውቱበታል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይሞከራል። እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራው ደግሞ በዝላዩ ልክ ነው፣ ገደሉ ስንት ይስፋ፣ እሾሁ የት ይቀመጥ። መቶ ክፍል ከሠራችሁ በኋላ «ዝላዩ ትንሽ ይክበድ» ካላችሁ መቶውንም ክፍል እንደገና ተጫውታችሁ ማየት አለባችሁ። ድሮ በቀላሉ የሚታለፈው ገደል አሁን ላይታለፍ ይችላል። ብዙ ወራት የሚሄዱት እዚህ ነው፣ ትሬለር ላይ ደግሞ ምንም አይታይም።

ሐሳቡና የተጠናቀቀው ጌም ምን ያህል ይራራቃሉ?

ይህንንም ሴለስት ራሱ ይመልሰዋል። በ2015 ሠሪዎቹ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን አንድ ትንሽ ጌም ሠሩ። የሠሩት በፒኮ ኤይት ነው፣ ሆን ተብሎ አቅሙ በተገደበ፣ 128 በ128 ነጥብና 16 ቀለም ብቻ ባለው የጌም መሥሪያ። 30 ክፍል ነበረው። ተራራ መውጣቱም፣ አየር ላይ መወርወሩም ያኔውኑ ነበረ። ሙሉው ሴለስት የወጣው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ከ700 በላይ ክፍሎች ይዞ፣ ብራዚል ያሉ ሠዓሊዎችና አቀናባሪዋ ሌና ሬይን ተጨምረውበት። የአራት ቀኗ ጌም ሙሉው ጌም ውስጥ ተደብቃ ተቀምጣለች፣ ካገኛችኋት መጫወት ትችላላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን መጫወት ያ ሁሉ ጊዜ የት እንደሄደ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል።

መካከሉ ላይ ደግሞ ማንም የማያስበው ሥራ አለ። ታሪኩ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ይተረጎማል። ሶኒም፣ ኔንቲዶም፣ ማይክሮሶፍትም ጌሙን ኮንሶላቸው ላይ ከማስገባታቸው በፊት በየራሳቸው መስፈርት ይፈትሹታል። ጌም መሀል ላይ ሲቆም፣ ኮንትሮለር ሲነቀል፣ መብራት ሲጠፋ የተቀመጠው ፋይል እንዳይበላሽ ይታያል። መጫወት ለሚከብደው ሰውም ይታሰባል። ሴለስት ውስጥ የጌሙን ፍጥነት እስከ ግማሽ መቀነስ ይቻላል፣ እጁ ላይ ችግር ያለበት ሰውም ተራራው ጫፍ ይደርሳል።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

አንዱ ራሱን ከሌላ ሥራ ደሞዝ ይደጉማል፣ አንዱ አሳታሚ ኩባንያ ፈልጎ ከሽያጩ ያካፍለዋል፣ አንዱ ደግሞ ሕዝብ ፊት ይወጣል። ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ የታወቀው ኪክስታርተር የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ሠሪው «ይህን ያህል ገንዘብ ካገኘሁ እሠራዋለሁ» ይላል፣ በተባለው ቀን ግቡ ካልሞላ ማንም አይከፍልም።

ሾቭል ናይት በ2013 እዚያ ላይ የጠየቀው 75,000 ዶላር ነበር። ከ311,000 በላይ አገኘ። ታዲያ ዘመቻው እንዲደምቅ ቡድኑ ገንዘቡ ከግቡ ካለፈ ተጨማሪ ነገር እንሠራለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ በጌሙ ጠላቶች ሆናችሁ የምትጫወቱባቸው ሙሉ ታሪኮችን ጨምሮ። ዋናው ጌም በሰኔ 2014 ወጣ። ቃል የተገባው ሁሉ ተጠናቆ ያለቀው ግን በታኅሣሥ 2019 ነው። በጥቂት ሳምንት ዘመቻ የተገባ ቃል ከስድስት ዓመት በላይ አሠራቸው ማለት ነው። ቃላቸውን አክብረው ጨርሰውታል፣ ለዚህ አደንቃቸዋለሁ።

ሾቭል ናይት ገንዘብ በሰበሰበበት በዚያው በ2013 ማይቲ ናምበር ናይን የሚባል ጌም፣ በሜጋ ማን ስሙ የሚነሳው ኬጂ ኢናፉኔ የሚመራው፣ ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ከሾቭል ናይት አሥር እጥፍ በላይ። ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ በ2016 ወጣ፣ ብዙ ደጋፊም አዘነበት። ስሙ የገነነ ሰው መኖሩና ገንዘብ መብዛቱ ለዝላዩ ዋስትና አይሆንም።

ጌሙ ሲያልቅ መሸጫው ለፒሲ በዋናነት ስቲም ነው። ለአንድ ጌም መግቢያ 100 ዶላር ይከፈላል፣ ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ስቲም በመጀመሪያ 30 በመቶ ይወስዳል። መሥሪያው ሶፍትዌር ራሱ ውድ አይደለም፣ ጎዶ የሚባለው ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል፣ ዶሮ የምትሮጥበት ጌም ነው። እዚህ ላለ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚከብደው ኮዱ ሳይሆን ያን 100 ዶላር በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ማግኘቱ ነው።

«በቅርቡ ይወጣል» ሲሉስ መቼ ማለታቸው ነው?

የጌም ማስታወቂያ ላይ ቀን ካልተጻፈ ቀን የለም ብላችሁ ያዙት። ዓመት ብቻ ከተጻፈም ተስፋ ነው። ፌዝ የተባለው ባለ ፒክስል ጌም በ2007 ነበር የተነገረው፣ የወጣው በ2012 ነው።

አንዳንዱ ጭራሽ አይወጣም። የሴለስት ሠሪዎች ቀጣዩ ጌማቸው ኧርዝብሌድ ነበር። በፒክስል የተሳለ፣ እየዞሩ የሚያስሱት ፕላትፎርመር። በ2022 መጨረሻ ትሬለሩ ትልቅ መድረክ ላይ ታየ፣ በ2024 ይወጣል ተባለ፣ ተራዘመ። በጥር 2025 ሥራው መቆሙን አሳወቁ። በመሥራቾቹ መካከል በሴለስት መብት ላይ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፣ ዋናው ሠዓሊ ከቡድኑ ወጣ፣ የቀሩትም የሠሩትን ዞር ብለው ሲያዩ መቀጠሉ አላዋጣቸውም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሸጡ፣ ገንዘብም ስምም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ትንሽ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ሲወጣ የሚወጣው የሥራው ሩብ ወይም ሲሶ ነው።

ስለዚህ «ተራዘመ» የሚል ዜና ስታዩ አትደንግጡ። ያልበሰለ ጌም አንዴ ከወጣ የመጀመሪያ ሳምንት ስሙ ይከተለዋል። በ2024 ብቻ ስቲም ላይ ከ18,000 በላይ ጌሞች ወጥተዋል፣ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኝ ጥቂት ነው። የሚያሳስበው ዝምታው ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ምስል፣ አንድ መልእክት ያልወጣለት ጌም ላይ መጠራጠር ተገቢ ነው።

ጌሙን ከወደድኩት እስኪወጣ ምን ላድርግ?

ስቲም ላይ ካለ ዊሽሊስት (የምትፈልጓቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት። ምንም አያስከፍልም። ጌሙ ሲወጣ ወይም ዋጋው ሲቀንስ ኢሜይል ይመጣላችኋል። ለሠሪው ግን ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ሰው ዊሽሊስት ያደረገውን ጌም ስቲም ሊወጡ ከተቃረቡት ታዋቂዎች ጋር ያሳየዋል፣ አሳታሚዎችም ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ያን ቁጥር ይጠይቃሉ።

ዴሞ፣ ማለትም በነጻ የሚሞከር የጌሙ ቁራጭ፣ ካለ አውርዳችሁ ሞክሩት። ኔክስት ፌስት በሚባለው የስቲም ዝግጅት ጊዜ በዓመት ሦስቴ ሊወጡ ያሉ ጌሞች ዴሞ በብዛት ይለቀቃል። ዴሞው ውስጥ ታሪኩን ትታችሁ አንድ ገደል ፈልጉና ጫፉ ላይ ቆማችሁ ዝለሉ። ዘግይታችሁ ዝለሉ። ቀድማችሁ ተጫኑ። አናታችሁን ጠርዝ ላይ አጋጩ። ጌሙ ይረዳችኋል ወይስ ይቀጣችኋል? በአምስት ደቂቃ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው ብላችሁም አትተዉት፣ እነዚህ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይጠይቁም፣ መጠናቸውም ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት ጥቅላችሁን አይጨርሱትም።

ከገዛችሁ በኋላ ካልተመቻችሁ ስቲም ላይ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ኪክስታርተር ላይ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ዘመቻው ግቡን ሞልቶ ካበቃ ገንዘቡ ሠሪዎቹ እጅ ነው፣ ጌሙ ቢቀር ኪክስታርተር አይመልስላችሁም፣ ስለዚህ እዚያ የምትሰጡትን ገንዘብ ቢቀር የማይጎዳችሁ ልክ አድርጉት።